ስለ መታወቂያ ወረቀትና ስለ ስም አጻጻፍ



ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አሳብ ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለ ገመትሁ በአንባብያን ዓምድ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

መንገደኛ ከአውሮፕላንም ሆነ ከመርከብ ላይ ከመሳፈሩ በፊት የሚጠየቀው ነገር ሁለት ነው፤ ይኸውም ቲኬቱና የማንነቱ ማስረጃ ነው። ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው ፋይዳ ወይም ፓስፖርት ይበቃዋል፤ ባሕር ለሚሻገር ግን ፓስፖርት የግድ ነው። ሕዝቡም «የትኛው ወረቀት ያሳልፋል?» እያለ ይጠያየቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢሆንም ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም በኪሳችን ያሉት ወረቀቶች ሁሉ ስለ አንድ ሰው ይመሰክራሉን? የሚለው ነው። ወረቀት ሳይጎድለው ፊደሉ ስላልገጠመ ብቻ ከበር የሚመለስ ሰው አለና።

የምኖርባት የጊኒር ከተማ ስም ራሱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ «ኤን»፣ ሌላው በሁለት «ኤን» ይጽፈዋል። ከተማ መርከብ አይሳፈርምና በዚህ አይጎዳም። በሰው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የሚጻፈው በቁቤ ስለ ሆነ በአገራችን በባሌ የቀበሌው መዝገብና የትምህርት ቤቱ ወረቀት በዚሁ ፊደል ይጻፋል። በቁቤ ረዥም ድምፅ በሁለት አናባቢ ስለሚጻፍ ጀማል በሚለው ስም «ማ» ላይ አናባቢው ይደገማል፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ግን አንድ ብቻ ይሆናል። ቁቤ «ጠ»ን የሚጽፈው «ኤክስ» በሚባለው ፊደል ስለ ሆነ ጥላሁን የሚባለው ሰው በመታወቂያው ላይ ስሙ በ«ኤክስ» ይጀምራል፤ በፓስፖርቱ ላይ ግን በ«ቲ» ይጀምራል። ሁለቱም በየሕጋቸው ትክክል ናቸው፤ ቁቤም አልተሳሳተም፣ እንግሊዝኛውም አልተሳሳተም። ነገር ግን ሁለቱን ቋንቋዎች የማያውቅ የባዕድ አገር በረኛ ጥላሁን አንድ ሰው መሆኑን በምን ይወቅ?

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። የእኛን ዘመን ወደ አውሮፓውያን ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል። በጥር 1990 የተወለደውን ልጅ አንዱ ጸሓፊ በ1997፣ ሌላው በ1998 ሲጽፈው ልጁ ሁለት ልደት ያለው ሰው ሆኖ ይቀራል።

ይህ ችግር ድንገት የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን እንደ ልማዱ በራሱና በአባቱ ስም ሲጠራ ኖረ። ሕጉ ያሰበው የክብር መዝገብ ሥራም ወዲያው ሳይጀመር ቀረ። ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ስለ መመዝገብ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ ለጉዞ የሚነሣው አብዛኛው ሰው ስሙ ሲወለድ ያልተጻፈ፣ ኋላ ግን በየጽሕፈት ቤቱ በጆሮ እየተሰማ የተጻፈ ነው ማለት ነው።

ዓለም ደግሞ በጆሮ መስማትን ትታለች። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት በፓስፖርት መጽሐፍ ላይ መሣሪያ የሚያነባቸው 2 መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱ መስመር 44 ምልክት ይይዛል፤ ከእነዚህም ውስጥ ለስም የተፈቀደው ቦታ 39 ነው። መሣሪያው «ይህ ያው ጥላሁን ነው» ብሎ አያስተውልም፤ ፊደል ከፊደል ያስተያያል እንጂ።

ባሕር የለንም፣ የመርከብ ነገር ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ኢንጂነሪንግ ተምረው፣ የመርከበኛነት ሥልጠና ወስደው በውጭ አገር መርከቦች ላይ የሚሠሩ የአገራችን ወጣቶች አሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ መርከበኞች መታወቂያ በ1950 ዓ.ም. ቁጥር 108፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጣት አሻራ የሚጨምረውን ቁጥር 185 ስምምነት ያወጣው ሰነዱና ሰውየው እንዳይለያዩ ለመጠበቅ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ለእንዲህ ያለ ሥራ ተመርጦ ሳለ በዲግሪውና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም በሁለት ፊደል ስለ ተለያየ ቀጣሪው ወረቀቱን መለሰበት። ለማስተካከል ወዲያ ወዲህ ሲል ወሮች አለፉ፤ መርከብ ደግሞ ሰው አይጠብቅምና ቦታው ለሌላ ተሰጠ። አባቱ በሬ ሸጠው ያስተማሩት ልጅ ነበረ።

በመጽሐፈ መሳፍንት በ12ኛው ምዕራፍ የዮርዳኖስን መሻገሪያ የያዙት የገለዓድ ሰዎች አላፊውን ሁሉ አንድ ቃል እያስጠሩ «ሺ»ን «ሲ» ያለውን እንዳጠፉት እናነባለን። ያ የጦርነት ዘመን ነበረ። በሰላም ዘመን ሰውን በአንዲት ፊደል ከመሻገሪያው መመለስ ግን የሚያሳዝን ነው፤ ይልቁንም ፊደሊቱን የጻፍናት እኛው ራሳችን ሆነን ሳለ።

ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 መደንገጉ ትልቅ ተስፋ ነው። የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለት ዐይንና የፊት ምስል ተወስዶ ለሰው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥር ደግሞ በቁቤም በአማርኛም ያው ነው። ወረቀት የሌለውም በምስክር መመዝገብ ይችላል። ዳሩ ግን ተመዝጋቢው ይዞት በሄደው ወረቀት ላይ ስሙ ተዛብቶ እንደ ሆነ ስሕተቱም አብሮ ወደ አዲሱ መዝገብ ይገባል። ምንጩ ካልጠራ ወንዙ አይጠራም።

ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ ብዕር ለያዙት ወገኖቼ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ የልደት ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ወላጅ አይቶ ይፈርምበት፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱም ሆነ ሌላው መሥሪያ ቤት ከእርሱ ይገልብጥ እንጂ በጆሮ አይጻፍ። ሁለተኛ፤ የግእዙ፣ የቁቤውና የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ጐን ለጐን የተሰለፈበት ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ በየምዝገባው ክፍል ይለጠፍ። ሦስተኛ፤ የልደት ቀን በሁለቱም ዘመን አቈጣጠር ይጻፍ። አራተኛ፤ የስም ለውጥ ሳይሆን የፊደል ልዩነት ብቻ ለሆነ ጉዳይ ባለጉዳዩ በሩቅ ከተማ ሳይንከራተት በቅርቡ የሚጨርስበት አጭር መንገድ ይበጅለት። አምስተኛ፤ ቲኬት የሚሸጥ ሁሉ የትኞቹ ወረቀቶች እንደሚያሳልፉና ስሙ ከነርሱ ጋር መግጠም እንዳለበት ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ይንገር፤ በበሩ ላይ የሚነገር ደንብ ለመንገደኛው ቅጣት እንጂ ምክር አይሆነውም።

ምናልባት «ለአንዲት ፊደል ይህ ሁሉ ድካም?» የሚል ይኖር ይሆናል። በጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ፊደሊቱን ለመጻፍ የሚያጠፋው ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ተማሪው ግን ዕድሜ ልኩን ይሸከማታል። ለሐጅ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ የኖሩ እናት፣ ለሕክምና የሚሄድ በሽተኛ፣ ሥራ ያገኘ ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ በበሩ ፊት ቆመው የሚታመኑት እኛ በጻፍንላቸው ስም ነው። እንግዲህ ከመጻፋችን በፊት «ስምህ እንዴት ይጻፋል?» ብለን ብንጠይቅ፣ የተጻፈውንም ለባለቤቱ ብናሳይ፣ ያለ በጀትና ያለ ኮሚቴ ነገ ጧት ሊጀመር የሚችል በጎ ሥራ ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከጊኒር