ከሶፋው ጋር የሚስማማ ሥዕል

ዛሬ በአዲስ አበባ ቤቱን ማሳመር የሚወድ ሰው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ የዘመናዊ ሥዕል ግልባጭ ይሰቅላል። ግልባጭ ነው ብለው የሚንቁት አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ዋናውን መግዛት የሚችል ከሺሕ አንድ አይገኝም፤ ሰው የወደደውን ሥዕል በወረቀት ታትሞ ቢያገኝ ምን ነውር አለበት? ጠቤ ከአመራረጡ ጋር ነው። ሥዕሉ የሚመረጠው ምን እንደሚል ተመርምሮ ሳይሆን ቀለሙ ከሶፋውና ከመጋረጃው ጋር መስማማቱ ታይቶ ነው።

የፓብሎ ፒካሶን «ጌርኒካ» እንውሰድ። ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ስለ ሆነ ከማንኛውም የቤት ዕቃ ጋር ይሄዳል ተብሎ ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ይሰቀላል። ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 8 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸራ እንደ ትሪ አንሶ! ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ቀርበህ እየው። በግራ በኩል የሞተ ሕፃኗን ታቅፋ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ የምትጮኽ እናት አለች። በመካከል የተወጋ ፈረስ፣ በቀኝ ከሚነድ ቤት ውስጥ ሁለት እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው፣ ከሥር የተሰበረ ሰይፍ እንደ ጨበጠ የወደቀ ወታደር። አውሮፕላን ግን በሥዕሉ ውስጥ የለም። ቦምቡን የጣለው አይታይም፤ የተጣለበት ብቻ ይታያል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጌርኒካ በእስፓኝ አገር የባስክ ሕዝብ ከተማ ናት። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. የደበደቧት የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች ናቸው። ይህ ቀን ለእኛ ባዕድ ነውን? የአዲስ አበባ ሕዝብ በየካቲት 12 ከተጨፈጨፈ ገና ሁለት ወር ከሳምንት ነበር። በ1928 ዓ.ም. በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው የኢጣልያ መንግሥት በዚያም እጁ ነበረበት። እንግዲህ በዚህችው ከተማ ተቀምጦ በዚያ ሥዕል ሥር እየሣቀ የሚጎርስ ሰው፣ የአያቶቹን ለቅሶ ጎረቤት የመጋረጃ ጓደኛ አድርጎታል።

«ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ይኖራል። በኒው ዮርክ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ ከጸጥታው ምክር ቤት መግቢያ አጠገብ የዚሁ ሥዕል ግልባጭ በድርና ማግ ተሠርቶ ተሰቅሎ ነበር። በጥር 1995 ዓ.ም.፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ በሰማያዊ መጋረጃ ሸፈኑት። ለካሜራ እንዲመች ነው ተባለ፤ ያመነ ይመን። እነዚያ ግልባጩን ሸፈኑት፤ እኛ ግን ገልጠነው ሳለ አናየውም።

ሥዕሉን አውርዱት አልልም። ልጆች ቆመው ሊያዩት በሚችሉበት ስፍራ ይሰቀል፤ «ይህች ሴት ለምን ትጮኻለች?» ሲሉም መልስ የሚሰጣቸው ሰው በቤቱ ይኑር። ጥቁርና ነጭ ብቻ ለሚፈልግ ግን ባለሱቁ የሜዳ አህያ ሥዕልም አለው።