የእምቢታ ዋጋ

ከጎንደር ፒያሳ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው ሁለት ዘመን በአንድ ጊዜ ያያል። በአንድ ወገን የዐፄ ፋሲል ግንብ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ፋሺስት ኢጣልያ በወረራዋ ዘመን የሠራቻቸው የፖስታ ቤቱና የሲኒማ ቤቱ ሕንፃዎች ይታያሉ። ባለፈው ሰሞን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር በዚሁ አደባባይ ስንዘዋወር አንደኛው፣ «ይህን የመሰለ ቤት የሚያንጽ የተማረ ሕዝብ እንዴት አድርጎ ለአንድ አምባገነን ተገዛ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ለተማሪና ለወጣት ሹም ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ስለ ታየን ዛሬ ልንጽፍበት ወደድን። የአውሮፓን ነገር ስናነሣ ዘመኑን በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን ስናነሣ ግን በራሳችን አቈጣጠር እንጠቅሳለን።

ብዙ ሰው አምባገነንነት በጠመንጃ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። በኢጣልያና በጀርመን የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። በኦክቶበር 1922 ሙሶሊኒ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን ወደ ሮማ ባዘመተ ጊዜ መንግሥቱ ሰልፉን በጦር ኃይል የሚያግድ ዐዋጅ አዘጋጅቶ ነበር። ንጉሡ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ ግን «አልፈርምም» አለ፤ አልፎም ሙሶሊኒን ጠርቶ ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገው።

በ1931 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁሉ ለፋሺስት ሥርዓት ታማኝ እንዲሆኑ መሐላ ቀረበላቸው። ከ1,200 ከሚበልጡት መካከል እምቢ ያሉት 12 ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለታችን አይደለም። አንዱ የልጆቹን እንጀራ፣ ሌላው ጡረታውን አስቦ ይሆናል። በእኛ አነጋገር «ጎመን በጤና» ማለታቸው ነው።

ወደ ጀርመን ብንሻገርም ነገሩ ያው ነው። የሂትለር ፓርቲ በ1928 ምርጫ ያገኘው ድምፅ ከመቶ 3 እንኳ አይሞላም ነበር። ኋላ ግን ገበያው ወድቆ ሥራ ያጣው ሰው ወደ 6 ሚሊዮን ሲደርስ፣ በ1932 ከመቶ 37 አገኘ። ያም ቢሆን ከግማሽ በታች ነው። ሥልጣኑን በእጁ ያስገቡለት፣ እንገራዋለን ብለው የተማመኑ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌው ፕሬዚዳንት ሂንደንበርግ ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሾመው። ማርች 23 ቀን ፓርላማው በ444 ድምፅ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን አስረከበው፤ የኮሙኒስት እንደራሴዎች ከሸንጎው ታግደው ስለ ነበር፣ የተቃወሙት 94ቱ የሶሻል ዴሞክራት እንደራሴዎች ብቻ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ አይሁድንና ተቃዋሚዎችን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣ ሕግ ወጣ።

የሚባረሩትን ሰዎች መዝገብ ያገላበጠ፣ ስማቸውን የዘረዘረ፣ የስንብቱን ደብዳቤ የፈረመ ማን ነበር? አውሬ አልነበረም፤ እንደኛው ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠ ጸሐፊና ሹም ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ 10 ቀን በበርሊን አደባባይ መጻሕፍት ያቃጠሉትም መሃይማን ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር ተደርጎ የቀረ አይምሰለን። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ/ም ጎንደር የገባውን ጦር የመራው ስታራቼ የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበር። በ1929 ዓ/ም ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣልያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ሮማ ላይ ሕግ ተፈረመ። ሮማ ላይ በዝምታ የታለፈው ነገር ጎንደር ላይ ቀንበር ሆነ። ያን ቀንበር ለመስበር እነ አሞራው ውብነህ በአርማጭሆ በረሃ ዓመታት ተዋጉ፤ ጄኔራል ናሲም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ/ም ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። ንጉሡ በጥቂት ቀለም ሊያቆመው ይችል የነበረውን የአርማጭሆ ገበሬ በደሙ አቆመው።

«የሹም ሥራ መታዘዝ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ነው፤ ያለ ትእዛዝ መሥሪያ ቤት አይቆምም። ነገር ግን መታዘዝና ኅሊናን ከመዝገብ ጋር ቈልፎ መሄድ አንድ አይደሉም። ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥተን ዛሬ ማኅተም የያዝን ወጣቶች፣ ወረቀት ሲቀርብልን ከመፈረማችን በፊት አንብበን፣ «ይህ ወረቀት እዚህ በሌለው ሰው ላይ ምን ያደርስበታል?» ብለን ብንጠይቅ ሥራችንን አቃለልን አያሰኘንም፤ አከበርን እንጂ።

እምቢታ በጊዜው ሲሆን ዋጋው ትንሽ ነው፤ ምናልባት የአለቃ ቍጣ፣ ምናልባት የዘገየ እድገት ነው። ሲዘገይ እስር፣ የባሰ ሲዘገይ ደም ያስከፍላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። በፒያሳ የምናልፍ ሁሉ ሕንፃዎቹን ስናይ ይህን ሒሳብ አብረን ብናስብ መልካም ይመስለናል።