ብረቱን በርካሽ፣ ቁልፉን በውድ

ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። “ከዳችኝ”፣ “ጠብቄው ቀረ”፣ “ቤተሰቦቿ አልወደዱኝም”… የዛሬው ግን ስለ ቁልፍ ነው። የበር እንዳይመስላችሁ፤ የልብስ! የጻፈልን ልጅ ስሙንም ሰፈሩንም ገልጿል፤ እንደ ልማዳችን እሱን ለራሳችን ይዘን ጉዳዩን ብቻ አቀርባለሁ። “ቁልፍ ደግሞ ምን ያስጨንቃል?” የምትሉ ካላችሁ እስኪ አንብቡና ፍረዱ።

“ዕድሜዬ 23 ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት እናቴ እቁቧ ወጣላትና ብሩን ሰጠችኝ። መርካቶ ሄጄ የቁልፍ መምቻ ገዛሁ። ያ በእጅ የሚጫኑት፣ ‘ቀጭ’ ብሎ የሚገጥመውን ቁልፍ በጃኬት፣ በቦርሳና በልጆች ጫማ ላይ የሚመታው ማለቴ ነው። ሻጩ ከነአንድ ከረጢት ቁልፉ በጣም በርካሽ ሰጠኝ። አጎቴ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ሦስት ወር እንደ ጉድ ሠራሁ።

“ከረጢቱ ሲያልቅ ከሌላ ሱቅ ቁልፍ ገዛሁ። ‘መጠኑ አንድ ነው’ ብለውኛል። ስመታው ግን ግማሹ ይጣመማል፣ ግማሹ ላዩ ይጨረመታል፣ ደህና የመሰለውም ሳምንት ሳይሞላው ይወልቃል። ወደ መጀመሪያው ሻጭ ስመለስ ‘ለዚህ መምቻ የሚሆነው የኔ ቁልፍ ብቻ ነው’ አለኝና ሦስት እጥፍ ዋጋ ጠራብኝ። በዚህ መሐል የአጎቴ የብዙ ዘመን ደንበኛ የሆኑ እናት የልጃቸውን የቆዳ ጃኬት ቁልፍ አስመቱኝ። በሁለተኛው ቀን ቁልፉ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ሴትዮዋ ‘የጃኬቱን ዋጋ ክፈሉኝ’ አሉ። አጎቴ በሰው ፊት ‘ይሄን ብረትህን ይዘህ ውጣልኝ’ አሉኝ። አሁን ቤት ውስጥ እንኳ አንነጋገርም። እናቴ ደግሞ ‘ሌላ እቁብ ልግባና የተሻለ መምቻ ግዛ’ ትለኛለች። እሺ ልበላት? ወይስ ሥራውን እርግፍ አድርጌ ልተወው?”

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የእናትህን ጉልበት ሳም፣ እቁቡን ግን አስቁማት። በዚሁ አገዛዝ ሌላ መምቻ ብትገዛ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሄንኑ ደብዳቤ መልሰህ ትጽፍልኛለህ። ሥራውንም አትተው። ችግርህ የት እንዳለ ካወቅከው በጣም ትንሽ ነገር ናት።

እስኪ መምቻህን አንሳና እየው። ከታች ጎድጎድ ያለ መቀመጫ አለው፤ ከላይ ደግሞ የሚወርድ በትር። ቁልፉ ራሱ አራት ቁራጭ ነው፤ ሁለቱ ለአንዱ ወገን፣ ሁለቱ ለሌላው። ከውጭ የሚታየው ቆብ ከሥሩ እንደ ትንሽ ቱቦ ያለ እግር አለው። እግሩ ጨርቁን አልፎ በተጋጣሚው ቁራጭ መሐል ብቅ ይላል። የበትሩ ሥራ ያንን የቱቦ አፍ እንደ አበባ ወደ ውጭ ከፍቶ መጠቅለል ነው። በቃ! ሙያው በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

እግሩ ለጨርቁ ከረዘመ ከመጠቅለሉ በፊት ወገቡ ይታጠፋል፤ የሚጣመምብህ ለዚህ ነው። ካጠረ ደግሞ ጫፉ ብቻ ይነካና ለጊዜው የያዘ መስሎ ሳምንት ሳይሞላው ይወልቃል። መቀመጫው ለቆቡ ልክ ካልሆነ ላዩ ይጨረመታል። ከሁሉ የከፋው የበትሩ ጫፍ ከቱቦው ጋር አለመግጠሙ ነው። ያኔ ቱቦው በመጠቅለል ፋንታ ይሰነጠቅና ስለታም ጥርስ ያወጣል። የሴትዮዋን ጃኬት የቀደደው ይኸው ይመስለኛል። ቆዳ ደግሞ እንደ ጂንስ አይታገስም፤ አንዴ ከተነከሰ መቀደዱ አይቀርም።

“መጠኑ አንድ ነው” ያሉህ ሰዎች ላይዋሹህ ይችላሉ። የቁልፍ መጠን የሚጠራው በቆቡ ስፋት ነዋ! የቁልፍ ነጋዴዎች መለኪያ “ሊኝ” ይባላል፤ 40ው አንድ ኢንች ይሞላል። 24 ቁጥር ሲሉህ ወደ 15 ሚሊ ሜትር፣ 20 ቁጥር ሲሉህ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ማለታቸው ነው። የእግሩ ቁመትና ውፍረት፣ የቆቡ ጉብታ ግን እዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። እነሱ እንደየፋብሪካው ይለያያሉ። ስለዚህ ሁለት 24 ቁጥር ቁልፎች እንደ መንትያ ተመሳስለው በአንድ መምቻ ላይገቡ ይችላሉ። ያንተ ሻጭ ይቺን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም።

ስለ ሻጩ ካነሳን ደግሞ፣ “የኔ ቁልፍ ብቻ” የምትለው ጨዋታ የመርካቶ ፈጠራ እንዳትመስልህ። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ በዚሁ በቁልፍ መምቻ የተነሳ ፍርድ ቤት የደረሰ ሙግት አለ። በዚያን ዘመን ብዙ የሴቶችና የልጆች ጫማ የሚዘጋው በጎኑ በተደረደሩ ትናንሽ ቁልፎች ነበር። ቁልፎቹን በየቀዳዳቸው የሚጎትት ጫፉ የተቆለመመ ብረት ሁሉ ነበረው (ለመልበስ ስንት ደቂቃ ይፈጅ እንደነበር አስቡት!)። በክር የተሰፋ ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ስለሚረግፍ ቁልፉን በትንሽ የብረት ማያያዣ ቆዳው ላይ የሚነክስ መሣሪያ ወጣ። ጫማ ነጋዴዎችም እየገዙ መጠቀም ጀመሩ።

ሂተን ፔኒንሱላር የተባለው ኩባንያ ታዲያ መሣሪያውን የሚሸጠው ባወጣበት ዋጋ ነበር። ትርፉ ከየት ይምጣ? ከማያያዣው! መሣሪያው ላይም ከኩባንያው ማያያዣ ሌላ የተጠቀመበት ሰው ባለቤትነቱን እንደሚያጣ፣ መሣሪያውም ወደ ኩባንያው እንደሚመለስ የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥፎበታል። ዩሬካ የሚባል ሌላ ድርጅት ለዚሁ መሣሪያ የሚስማማ ማያያዣ ሠርቶ መሸጥ ሲጀምር ኩባንያው ከሰሰው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1896 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደ። “የፈጠራ መብት ያለው ሰው ጭራሽ አልሸጥም ማለት ከቻለ፣ በዚህ ተጠቀሙበት ብሎ መሸጥስ ለምን ይከለከላል?” ነው ነገሩ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሆራስ ለርተን ናቸው። እኚሁ ሰው በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብተው በ1912 ስለ ማባዣ ማሽን ቀለም ተመሳሳይ ፍርድ ጻፉ። ያኔ የተከሰሰው ሰው ጥፋቱ ምን ነበር? ማሽኑን ለገዛች ሴት አንድ ጣሳ ቀለም መሸጡ!

ይሄ አመለካከት የተሻረው በ1917 በፊልም ማሳያ ማሽን ጉዳይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማሽኑ ላይ ያለ የፈጠራ መብት ማሽኑ የሚያሳየውን ፊልም ጭምር አያስርም አለ። እንግዲህ የጫማ ቁልፍ የለኮሰው ነገር 21 ዓመት ቆይቶ በሲኒማ በረደ ማለት ነው። ንግዱ ግን አልሞተም፤ ፕሪንተር ያላችሁ ሰዎች የቀለሙን ዋጋ ስታዩ የምትሉትን እናውቃለን።

ወዳንተ ስንመለስ፣ ሻጩ የፈጠራ መብት አላሳየህም፣ ውልም አላስፈረመህም። ያሠረህ ብረቱ ነው። ብረት ደግሞ በብረት ይፈታል። መጀመሪያ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ውስጥ የምታገኘውን ቁልፍ ምረጥ። ዛሬ ያለውን ብቻ አትይ፤ ያለማቋረጥ ይመጣ እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ ከቁልፉ አሥር ያህል ግዛና ከመምቻህ ጋር ቶርኖ ቤት ውሰደው። የድሮው በትርና መቀመጫ የመግቢያቸውን ልክ ያሳያሉ፤ አዲሱ ቁልፍ ደግሞ የአፋቸውን ልክ። ምናለሽ ተራ አካባቢ ከወዳደቀ ብረት ስንቱን ዕቃ የሚያወጡ እጆች እያሉ ለዚህች ብለህ እቁብ አያስፈልግህም። መምቻህ በትሩና መቀመጫው የማይፈታ ከሆነ ግን ሽጠው፤ እሱ ለአንድ ቁልፍ ብቻ የተፈጠረ ነው። ለማንኛውም መምቻ ገዢ የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ቁልፉን አስቀድማችሁ ምረጡ፣ መምቻውን ቀጥላችሁ። ብረቱ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ሳትጠይቁም ብር አታውጡ።

አመታቱን በሚመለከት ሁለት ሦስት ነገር ልጨምርልህ። እግሩ ጨርቁን አልፎ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ካለ ደህና ይጠቀለላል። ቀዳዳውን ከእግሩ እኩል ወይም ትንሽ ጠበብ አድርገህ ብሳ። ሁልጊዜ በብጣሽ ጨርቅ ሞክር፤ ብጣሹም እንደ ልብሱ ያው ጨርቅና ያው ድርብ ይሁን። ከመታኸው በኋላ ቆቡን በጣትህ አዙረው። ከዞረ አልያዘም። ስስ ጨርቅና ሹራብ ላይ ባለ ቱቦውን ተወው፤ ቀዳዳው እየተተረተረ ይሰፋል። ዙሪያውን ጥርስ ያለው የቀለበት ዓይነት ለሱ ይሻላል፤ ከሥሩም ማጠንከሪያ ጨርቅ ጣልበት። የሕፃን ልብስ ላይ ከሆነ ደግሞ ስበህ ሳትፈትን እንዳትሰጥ! የወለቀ ቁልፍ ቀጥታ ወደ አፍ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ጃኬቱ። የጃኬቱን ሙሉ ዋጋ ከመክፈልህ በፊት ልጠግነው ብለህ ለምናቸው። የቀሩትን ቁልፎች ስታወጣ ቆቡን እንዳትጎትት፤ ከውስጥ በኩል የተጠቀለለውን አፍ በመቁረጫ ፒንሳ እየቆራረጥክ አላቀው። ለተቀደደው ቦታ ከጀርባው ስስ ቆዳ በማስቲሽ ለጥፍና ዙሪያውን አሰፋው። ከፊት ለፊትም ጠባሳው ከታየ ትንሽ ክብ ቆዳ አድርግበት። እዚህ ላይ ዘዴ አለችልህ፤ ክቡን የተቀደደው ላይ ብቻ ካደረግከው ጥገና ይሆናል፣ በሁሉም ቁልፎች ሥር ካደረግከው ግን ሞዴል ይሆናል! ስፌቱ የአጎትህን እጅ ይጠይቃል። ሴትዮዋ አይተው አልወደድኩትም ካሉ ግን መክፈል አለብህ፤ በየወሩም ቢሆን ክፈል። ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ ሻጩ አይደለም።

አጎትህን በተመለከተ ሽማግሌ እንዳትልክባቸው። ላሳደገ ሰው ሽማግሌ መላክ “ቂም ይዘውብኛል” ማለት ነው። ደግሞም እንደኔ እሳቸውን ያናደዳቸው ብረቱ አይደለም። እኚያ እናት ስንት ዓመት ወደዚያ ሱቅ የሚመጡት የአጎትህን እጅ አምነው ነው፤ አንተ በር ላይ ቁጭ ብለህ ስትሠራ በእሳቸው ስም ነው የሠራኸው። በሰው ፊት መናገራቸው ደግ አልነበረም፣ እሱን አልደብቅህም። ሆኖም ይቅርታውን አንተ ጀምር፤ ታናሽ ነህ።

ማታ፣ ሥራ ሲያበቃ፣ ሰው በሌለበት ሂድ። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ በአዲሱ በትር የመታኸውን ብጣሽ ቆዳ ይዘህላቸው ሂድ። “አጎቴ፣ ጥፋቱ ገብቶኛል፤ እስኪ ይጎትቱት” በላቸውና ስጣቸው። የልብስ ሰፊ ጣት አይዋሽም፣ በጉተታ ያውቁታል። ከያዘ የጃኬቱን ስፌት እንዲሠሩልህ ጠይቃቸው። ከእንግዲህም አዲስ ዓይነት ቁልፍ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እሳቸው አይተው ሳይፈቅዱ የደንበኛ ልብስ እንደማትነካ ንገራቸው። እናትህም ትኑር፤ አጠገባችሁ ቡና ታፍላ እንጂ መሐል አትግባ።

ሴትዮዋ ጃኬቱን ሲረከቡ ምን እንዳሉ ጻፍልኝ። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!