ፌንጣ ነው ወይስ አንበጣ?

ለእንቁጣጣሽ ልጆቻቸውን መርሳ አያቶቻቸው ዘንድ የላኩ ወላጆች ይህን ፎቶ ያውቁታል። ከማንጎው ዛፍና ከጥጃው ቀጥሎ በቴሌግራም ይመጣል፤ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ጭጋግ፣ ሥሩ ላይ «ፌንጣ አገኘሁ!» የሚል ጽሑፍ። ፌንጣው ግን የለም።

ልጁ ስልኩን በጣም አስጠግቶታል። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ሌንስ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ርቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ አልፈው ሲጠጉ መልሶ አያጠራም። መድኃኒቱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ማንሳት፣ ትርፉን በኋላ መቁረጥ ነው። ማክሮ ያላቸው አዳዲስ ስልኮችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አይፎን 13 ፕሮ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል። ይህን ያህል ሲጠጉ ግን የስልኩ ጥላ ፌንጣው ላይ ያርፋል፤ ፌንጣውም ቆሞ አይጠብቅዎትም።

ከርቀቱ በላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ወደ አንድ ነገር በተጠጋን ቁጥር ጥርት ብሎ የሚወጣው ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። በማክሮ ሌንስ አንድ ነፍሳት በትክክለኛ መጠኑ ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ፣ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 8 ጠብቦም እንኳ የሚጠራው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ የተሻለ ውፍረት ይሰጣል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ሙሉ ፌንጣ አይጠራም። ስለዚህ የትኛው ክፍል ይጥራ የሚለውን መምረጥ ያለበት ካሜራው ሳይሆን ልጁ ነው።

ለውበት ከሆነ ዓይኑን ይምረጥ። ዓይኑ ከጠራ እግሩ ቢደበዝዝ ማንም ቅር አይለውም። ስክሪኑ ላይ ዓይኑ ያለበትን ቦታ ነክቶ ፎከሱ እስኪቆለፍ ጣቱን ማቆየት፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ያዝ ማድረግ፣ ከዚያ ሰውነቱን በቀስታ ወደፊት እያዘነበለ አሥር ጊዜ ማንሳት። ከአሥሩ አንዱ ይሳካል፤ ባለሙያዎቹም ከዚህ የተሻለ ዕድል የላቸውም።

ቅንብሩ ከዚህ ይቀላል። ቆሞ ቁልቁል ያነሳ ሰው የሚያገኘው መሬት ላይ የወደቀ ነጥብ ነው፤ በርከክ ብሎ በፌንጣው ቁመት ያነሳ ግን ፊት ለፊት ይተያያል። በሚያይበት አቅጣጫ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተውለት። የሎሚ ቅርንጫፍ ላይ ያለ እስስት ከጀርባው ነጭ ሰማይ ካለ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ ጀርባውን የማንጎ ጥላ ማድረግ ይበቃል። ሰዓትም አለው። ነፍሳት የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢው አየር ጋር ስለሚሄድ ጠዋት ደንዛዛ ናቸው። እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አገር ፀሐይ ጠንከር ካለች በኋላ ማባረር ብቻ ነው የሚተርፈው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ ልጅ ግን ቢራቢሮ እንኳ ይታገሠዋል።

መርሳ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ፎቶም ያስፈልጋል፤ ለእኔ ከውብ ፎቶው ይበልጣል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የበረሃ አንበጣ ሰሜን ወሎ ቆላ ላይ ሰብል ሲያወድም፣ ሕዝቡ በጩኸት፣ በጅራፍና ጀሪካን በመደብደብ ሲያባርር መክረሙን የሚረሳ የለም። የመንግሥታቱ ድርጅት የምግብና እርሻ ተቋም ፋኦ በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረርሽኝ ብሎታል። ያኔ በስልክ ሲዘዋወር የነበረው ሰማይ የሸፈነው መንጋ ነው። ያስደነግጣል፤ ለባለሙያ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ባለሙያው የአንዱን አንበጣ ቀለም ማየት ይፈልጋል። የመንጋ አንበጣ ክንፍ አውጥቶ ገና ያልጎለመሰ ከሆነ ሮዝ ነው፤ ሲጎለምስ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ ማለት እንቁላል የመጣል ጊዜ ደርሷል ማለት ነው፤ ሙቀት ባለበት በሁለት ሳምንት ገደማ ከመሬት ኩብኩባ ይፈለፈላል። በዚያው ጊዜ ፋኦ ከአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ኢ-ሎከስት 3ኤም የተባለ የስልክ መተግበሪያ ያወጣው፣ ሰው ያየውን አንበጣ ከነፎቶውና ከነቦታው እንዲመዘግብ ነበር።

እንግዲህ ፎቶውን የሚያስውብ ፊልተር እዚህ ጠላት ነው። የማታ ፀሐይም እንዲሁ፤ ሮዙን ወደ ቢጫ ሊወስደው ይችላል። ጥላ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ማሳመሪያ።

በ2009 ዓ.ም. አገር የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም እንደዚሁ ነው። በቆሎና ማሽላ ላይ የሚገኝ አባጨጓሬ ሁሉ እሱ አይደለም። እሱን የሚለዩት ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር (የእኛው «ሰ» ይቀርበዋል) እና ከጭራው አካባቢ በካሬ የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። አንዱ በራስ፣ አንዱ በጭራ በኩል ነው፤ ያ ቀጭን ጥራት ሁለቱንም እንዲነካ ስልኩን ከላይ፣ ከጀርባው ጋር ትይዩ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። በጎን በኩል ያነሱት እንደሆነ አንዱ ይጠፋል። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ፤ ስፋቷ 27 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መጠኑን ትናገራለች። ከዚያ ጭንቅላቱን ለብቻ፣ የበላውን ቅጠልም ለብቻ።

አያት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ስልክ አያጡትም። ልጁ ፎቶውን ሲልክላቸው ቦታውንና ቀኑን ይጻፍበት። በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ብሎ ይላከው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ መጀመሪያ የሚጠፉትም እነዚያ አራት ነጥቦች ናቸው።