«ያዙት» ከማለታችን በፊት ጣሪያውን እንይ

የዛሬን ዋጋ ማታ እለጥፋለሁ፤ አሁን ስለ መጋዘን ጣሪያ ላውራችሁ። አትሳቁ፣ ገንዘብ ያለበት ወሬ ነው።

የካቲት 2017 ላይ የኒውዮርክ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ብዙዎቻችን «ትንሽ ያዙት» ብለናል። እኔም ብያለሁ። አንድ ደንበኛዬ ሰምቶኝ አንድ ኮንቴነር የሚሞላ ያልታጠበ ቡና፣ 320 ኬሻ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ደረደረ። ሲገባ ሞይስቸሩ 11.5 ነበር፣ ግንቦት ላይ ስንለካው 10.5። አንድ ፐርሰንት ምን አላት? እስቲ አስሉት። ከ19,200 ኪሎ ውስጥ 214 ኪሎ ተንኖ ሄደ። ሦስት ኬሻ ተኩል ነው። በ4 ዶላር ሲመታ ወደ 1,900 ዶላር ይጠጋል። ማንም አልሰረቀም። ሚዛኑ ሲጎድል ግን መጀመሪያ የተጠረጠረው ዘበኛው ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ጠርጥሬዋለሁ።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከቁልሉ አናት ያሉት ኬሻዎች ላይ የጠብታ ምልክት ነበረ፣ ፍሬውም ነጥቷል። ጣሪያው ግን አያፈስም፤ በበጋ ምን ዝናብ አለ? ቆርቆሮው አልቦ ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው እጅ አያስነካም፣ ከሥሩ ያለው ቡና እርጥበቱን ይለቃል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ያው ቆርቆሮ በረዶ ይሆናል፣ ከቡናው የወጣው እንፋሎት እሱ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። የታችኛው ኬሻ ደርቆ ክብደት ያጣል፣ የላይኛው ይረጥባል። አንድ መጋዘን፣ ሁለት ኪሳራ። በቆሎ ላይማ ይብሳል። 13.5 ብለን አድርቀን ያስገባነው አናቱ ላይ ጠብታ ካረፈበት ሻጋታ ይይዛል፣ ከሻጋታው አፍላቶክሲን ይመጣል፣ ያን ጊዜ ዋጋ መደራደር ቀረ።

ስለዚህ በወራጆቹ መሃል ኢንሱሌሽን ይግባ የሚለውን እደግፋለሁ። የማልስማማው አገዛዙ ላይ ነው። ሰዉ ገበያ ሄዶ ረከስ ያለውን ነጭ ፎም ይዞ ይመጣል። ፎሙ ሙቀት በመከላከል ከሱፉ እምብዛም አያንስም፣ ይህን አልክድም። ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ ይነዳል። ኬሻ፣ ገለባና የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ቤት ከአናት ላይ የሚነድ ነገር ምን ሊሠራ? ሁለተኛ፣ የእኛ ወራጅ ባብዛኛው ባህር ዛፍ ነው፤ ቀጥ ያለ የለም። ደረቅ ፎም ጠማማ እንጨት መሃል ሲገባ ዳርና ዳሩ ክፍት ይቀራል፣ ሙቀቱም እርጥበቱም በዚያ ያልፋል።

ሮክ ዉልና ግላስ ዉል ግን ይተጣጠፋሉ። ከክፍተቱ አንድ ሁለት ሴንቲ አስፍታችሁ ስትቆርጡት ራሱ ተወጥሮ ይይዛል። ሁለቱም አይነዱም። ሮክ ዉል ባዛልት ከሚባለው ድንጋይ ቀልጦ የሚሠራ ነው፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ እሳት ይችላል፣ ግን ይከብዳል። ግላስ ዉል በጥቅል ይመጣል፣ ቀላል ነው፣ እሳት ሲበረታ ቀድሞ ይቀልጣል። የእኔ ምርጫ፦ መፈልፈያ ወይም ወፍጮ የተጠጋው መጋዘን ከሆነ ሮክ ዉል፤ ለብቻው የቆመ፣ ወራጁም ደካማ የሆነ ማከማቻ ከሆነ ግላስ ዉል፣ ከሥሩ ሽቦ ተወጥሮ።

ሻጩን ውፍረት ብቻ አትጠይቁት። ማሸጊያው ላይ ላምዳ የሚባል ቁጥር አለ፣ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። ባለ 0.035ቱ በ9 ሴንቲ የሚሠራውን ባለ 0.040ው ለመሥራት ከ10 ሴንቲ በላይ ይፈልጋል። ደግሞ 10 ሴንቲውን 6 ሴንቲ ቦታ ላይ ጠቅጥቆ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በጭረቶቹ መሃል የታሰረው አየር ነው።

አገጣጠሙ ላይ አናጢውን ቆማችሁ ተቆጣጠሩ። ሱፉ ቆርቆሮውን መንካት የለበትም። አራት አምስት ሴንቲ አየር ይተውለት፣ ያም አየር ከክፈፉ ገብቶ በአናቱ ይውጣ። እንፋሎት የማያሳልፈው ፎይል ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ቡናው ነው የሚዞረው፣ መገጣጠሚያውም በቴፕ ይታሸጋል። ተገልብጦ ሲሠራ አይቻለሁ፤ «ፎይሉ ፀሐይ ይመልሳል» ተብሎ ወደ ላይ ተደረገ፣ እንፋሎቱ ሱፉ ውስጥ ገባ፣ በክረምቱ ሱፉ ረጥቦ እንደ እርጥብ ጋቢ ተንጠለጠለ። የረጠበ ሱፍ ምንም አይከላከልም። ፎይሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጭረቱ ቡናው ላይ እንዳይረግፍ ይይዛል። ሠራተኞቹም ጓንት፣ ማስክና እጅጌ ሙሉ ልብስ ያድርጉ፣ ያሳክካል። መጋዘኑም በዚያን ጊዜ ባዶ ይሁን።

አይጥ ሱፉን አይበላውም፣ ይቆፍረዋል ግን። ክፈፉ ላይ ወንፊት ሽቦ ግድ ነው።

በጀት ለጠበባቸው፦ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ያለ ፓሌት መሬት ላይ የተደረደረ ኬሻ፣ የተደፈነ መስኮት ካላችሁ ሱፍ አትግዙ። መጀመሪያ እነሱ ይስተካከሉ።

የዩኒየን ሰዎች፣ የዘንድሮውን እድሳት ጨረታ ስታወጡ «ኢንሱሌሽን ያለው ጣሪያ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፣ ኮንትራክተሩ የረከሰውን ፎም ያመጣላችኋል። ዓይነቱን፣ ውፍረቱን፣ ላምዳውን፣ ፎይሉ የሚዞርበትን፣ የአየሩን ክፍተት ጻፉት። እኔም ከዛሬ ጀምሮ «ልያዝ ወይስ ልሽጥ?» ብላችሁ ስትደውሉ መልስ ከመስጠቴ በፊት የመጋዘናችሁን ጣሪያ ፎቶ እጠይቃለሁ፣ ከውስጥ የተነሳ።

ዋጋው ማታ 2 ሰዓት ላይ።