ያንኮራፋ ሁሉ ደኅና ተኝቷልን?

ከአንዲት አንባቢያችን እንዲህ የሚል ደብዳቤ ደርሶናል።

«ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዕድሜው 46 ነው፤ ሰውነቱ ወፍራም፣ ለሚያየው ሁሉ ጤነኛ ነው። ሌሊት ሲያንኮራፋ ከጎረቤት ይሰማል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ማንኮራፋቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። በድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሹ ግን አይሰማም። እኔም በልቤ መቍጠር እጀምራለሁ። ሃያ ወይም ሠላሳ ስደርስ፣ ታፍኖ እንደ ተለቀቀ ሰው ባንኖ ይተነፍሳል፤ ተመልሶም ያንኮራፋል። ጧት ስነግረው ‹እንደ ድንጋይ ተኝቼ ነው ያደርሁት› ብሎ ይሥቅብኛል። እናቱም ‹የደከመው ሰው ያንኮራፋል፤ ተዪው ይተኛበት› ይሉኛል። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ወይስ እነርሱ?»

እመቤት ሆይ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። በአገራችን ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይቈጠራል፤ ልጆች ይሥቁበታል፣ ሽማግሌዎች ይቀልዱበታል። በእርግጥም ያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ ነው አንልም። ነገር ግን ማንኮራፋቱ እየተቋረጠ፣ ዝምታና መታፈን የሚከተለው ከሆነ፣ ይህ ሐኪሞች የእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ የሚሉት በሽታ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲተኛ ጡንቻው ሁሉ ይላላል። ምላሱና እንጥሉ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ፤ የጉሮሮውም ግድግዳ ይጠብባል። በጠበበው መንገድ የሚያልፈው አየር ሲያርገበግበው ማንኮራፋት ይሆናል። መንገዱ ጨርሶ ሲዘጋ ግን ደረት ቢታገልም አየር አይገባም። ይህ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ እንደ አንድ መቋረጥ ይቈጠራል። ሐኪሞች ጨርሶ መዘጋቱንም ሆነ በጣም መጥበቡን አንድ ላይ ቈጥረው፣ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ቢደርስ ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይሉታል። ከባድ በሽታ ያለበት ሰው እንግዲህ በአንድ ሌሊት ሁለት መቶ ጊዜ ሊታፈን ይችላል ማለት ነው። አንዳንዱ በመታፈን ሲባንን «ዱካክ ያዘኝ» ይላል፤ ብዙው ግን ከቶ አያስታውሰውም።

ሰውነቱ ግን አይረሳውም። ትንፋሽ በተቋረጠ ቍጥር በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ደንግጦ ሰውነትን ይቀሰቅሳል። ልብ ይዘላል፣ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ሌሊት ማረፍ የሚገባው ልብ ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ያድራል። የአንድ ሌሊቱ ላይታወቅ ይችላል፤ ዓመታት ሲደራረቡ ግን የደም ግፊት በሽታ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የልብ ድካምና በአንጎል የደም ሥር መዘጋት የሚመጣ ሽባነት ከዚህ ጋራ ተያይዘው ይገኛሉ። የስኳር በሽታ፣ የመርሳት ችግርና የመንፈስ ጭንቀትም እንዲሁ።

ይህ ግምት አይደለም። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ሊቃውንት 1,522 ሰዎችን 18 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ውጤቱን አውጥተዋል። በሽታው በከባዱ የያዛቸው ሰዎች ከሌለባቸው ሰዎች ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ባለቤትዎ ሾፌር መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ከራሳቸው አልፎ የሌላው ሰው ጉዳይ ያደርገዋል። በዚያው አቈጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አንድ ባቡር በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሄድበት በሚገባው ጠመዝማዛ ሐዲድ ላይ በ132 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደርሶ ተገለበጠ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ነጂው እንዳንቀላፋ፣ ከምክንያቶቹም አንዱ ከዚያ በፊት ያልታወቀለት ይኸው በሽታ እንደ ነበረ ገልጸዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ጀርሲ ሆቦከን ጣቢያ ባቡር ሳይቆም ገብቶ አንዲት ሴት ስትሞት ከመቶ በላይ ሰዎች ቈስለዋል፤ ነጂው ያው በሽታ ነበረበት፤ አያውቅም ነበር። መሪ ይዞ ለማንቀላፋት የሰነፍ ሰው መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ማስረጃ ያዙ። በእጅ ስልክዎ ማንኮራፋቱንና ዝምታውን አንድ ሌሊት ቅዱት፤ ጧት ያሰሟቸው። የሚሥቅ ሰው የገዛ ትንፋሹን መቋረጥ ሲሰማ መሣቁን ይተዋል። ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸው እንደ ሆነ፣ ሲነሡ ራሳቸውን ያማቸው እንደ ሆነ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግመው ይነሡ እንደ ሆነ ይመልከቱ። አንገታቸውንም በሜትር ይለኩ፤ በወንድ ከ43 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ትንፋሽንና ኦክሲጅንን ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግበው ምርመራ በየሐኪም ቤቱ የሚገኝ አይደለም፤ ነገር ግን ማንኛውም ሐኪም የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ይለካል፣ ጉሮሯቸውን ያያል፣ ወደሚመረመሩበትም ይልካቸዋል። እስከዚያው ድረስ እንቅልፍ በተጫናቸው ጊዜ መሪ እንዳይጨብጡ።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከቤት ይጀምራል። ክብደት መቀነስ፣ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት፣ ማታ አረቄና ጠጅ መተው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን አለመውሰድ። ለከባዱ በሽታ ግን በአፍንጫ ላይ በሚደረግ ጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ አለ፤ ሐኪሙ ኮሊን ሰለቫን በአውስትራሊያ በ1981 ዓ.ም. ለዓለም ያስተዋወቁት ነው። መሣሪያው የቀን እንቅልፍን ያስወግዳል፣ የደም ግፊትንም ጥቂት ይቀንሳል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የልብ ወይም የአንጎል የደም ሥር ሕመም የነበረባቸውን ሰዎች ከአዲስ ሕመም እንዳላዳናቸው አሳይቷል፤ እነዚያም ሕመምተኞች በአማካይ በሌሊት ከሦስት ሰዓት እምብዛም ላላለፈ ጊዜ ነበር ያደረጉት። ስለዚህ መሣሪያውን ያገኘ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያድርገው፤ የግፊቱንና የስኳሩን መድኃኒትም አይተው። እንጥል በባህል ሐኪም ማስቈረጥ ግን ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል እንጂ ይህን በሽታ አያድንምና ከቶ አይሞከር።

እመቤት ሆይ፣ ከበሽታዎች ሁሉ ይህ የሚለየው ሕመምተኛው ራሱ ሊያየው ባለመቻሉ ነው። ተኝቶ ሳለ የሚሆነውን የሚያውቅ አጠገቡ የነቃው ብቻ ነው። ስለዚህ በጨለማ የቈጠሩትን ቍጥር ለራስዎ ብቻ አይያዙት፤ ከባለቤትዎ ጋራ ሐኪሙ ፊት ቀርበው ይንገሩ።