ሳይነበቡ ስለ ተፈረደባቸው ሦስት መጻሕፍት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከፈተና ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸውን ሦስት መጻሕፍት አነበብን። አንደኛው በሥዕል የተተረከ ታሪክ፣ ሁለተኛው ልብ ወለድ፣ ሦስተኛው ስለ አገር ሀብትና አስተዳደር የተጻፈ ነው። ሦስቱን በአንድ ጽሑፍ ማንሣታችን የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገናኛቸው ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በተማሪው ዘንድ ሦስቱም ሳይነበቡ የተፈረደባቸው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው «የልጆች መጫወቻ» ተብሏል። ሁለተኛው «የፍቅር ታሪክ» ተብሏል። ሦስተኛው ደግሞ «ታላቅ ሥራ» ተብሎ ከተመሰገነ በኋላ በመደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣል። እኛም ፍርዱን በይግባኝ ለመመልከት ተነሣን።

ከሥዕሉ እንጀምር። ሥዕላዊ ታሪክ ቀላል ነገር ነው የሚሉ ወንድሞቻችን፣ ቤልጅጋዊው ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1931 በመጽሐፍ መልክ ያወጣውን «ቲንቲን በኮንጎ» ይመልከቱ። በዚያ መጽሐፍ ጀግናው በአንድ የኮንጎ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አገራችሁ ቤልጅግ ናት እያለ ሕፃናቱን ሲያስተምር ይታያል። በ1946 መጽሐፉ በቀለም እንደገና ሲታተም ያ ትምህርት ወጥቶ በሒሳብ ትምህርት ተተካ። አፍሪቃዊው ግን በታረመውም እትም እንደ ሞኝ ተሥሎ ቀርቷል። እንግዲህ ሥዕሉ የልጆች መጫወቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ለማረም ይደክም ነበር? ሕፃን የሚያየው ሥዕል፣ ጎልማሳ ከሚሰማው ንግግር ይልቅ ሥር ይሰዳል።

ይህን ካየን በኋላ «የዮፑጎኗ አያ»ን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አነበብን። ታሪኩን የደረሰችው በአቢጃን የተወለደችው ማርጌሪት አቡዌ ስትሆን፣ ሥዕሉ የክሌማን ኡብሬሪ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2005 በፈረንሳይ ታትሞ በማግሥቱ ዓመት በአንጉሌም የሥዕላዊ ታሪክ በዓል ተሸልሟል። ነገሩ የሚፈጸመው በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮትዲቯር ነው። አያ ሐኪም ለመሆን ትመኛለች፤ ጓደኞቿ አጁዋና ቢንቱ ጭፈራ ይወዳሉ፤ አባቷ ደግሞ ከአለቃው ልጅ ጋር ሊያቀራርባት ይሞክራል። ጦርነት የለም፤ ረኃብ የለም፤ የባዕድ አዳኝም አይመጣም። ሰፈር፣ ሐሜት፣ ገበያ፣ የእናት ቁጣ ብቻ ነው ያለው። በመጽሐፉ ቅር ያሰኘን ነገር ቢኖር፣ አያ ራሷ ከሁሉም በላይ አስተዋይ ሆና ስለ ተሣለች ጥፋተኞቹ ጓደኞቿ ከእርሷ ይልቅ ሕያው መሆናቸው ነው። ይሁን እንጂ አፍሪቃዊ በሥዕል ሰው ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ያንብበው። በአገራችንም በቅርብ ዓመታት «ጀምበር» የተባለ ሥዕላዊ ታሪክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። የሥነ ሥዕልና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ተባብረው ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ቢሞክሩ እንዴት መልካም ነበር!

ወደ ልብ ወለዱ እንለፍ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ «ያልሰማ» ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ከተተረከ ወዲህ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ተማሪውን ስለ መጽሐፉ ብትጠይቁት የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይነግራችሁና ይተክዛል። እኛ ግን ገጽ በገጽ ስናነብ ያገኘነው ሌላ ነገር ጭምር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠይቁ ባላገሮቹ እንቢ ይላሉ፤ ሊያስገብሩ የዘመቱት ፊታውራሪም በአበጀ በለው እጅ ይወድቃሉ። ጉዱ ካሣ እውነቱን በመናገሩ እንደ እብድ ይቆጠራል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ነበር። የባላገሩን አመፅ ዘሎ ፍቅሩን ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሽ መጽሐፍ አነበበ እንላለን። በሌላ በኩል፣ ጉዱ ካሣ አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ይሰብካል፤ አንባቢው በገዛ ዓይኑ ያየውን ነገር መልሶ ያስረዳዋል። ታላቅ መጽሐፍ ነውና ይህን መናገራችን ክብሩን አይቀንሰውም።

ሦስተኛው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ ዐረፉ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስማቸው በየጉባኤው ይጠራል፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ተማሪ ግን እምብዛም አላጋጠመንም። ነገሩ አጭርና ግልጽ ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበዛው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን እየሰጠ የተሠራውን ከሚገዛቸው ዐዋቂዎች ጋር ሲነግድ፣ ባንዲራው ቢውለበለብም በንግዱ ሎሌያቸው ይሆናል ይላሉ። የጉምሩክን ነገር በሥራቸው የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ የአገር ውስጥ ኬላ ነጋዴውን እንዴት እንደሚያደክመው አብራርተዋል። እኛ የምንከራከራቸው በአንድ ነገር ነው። ዕውቀት ሲሉ የገበሬው የራሱ ዕውቀት፣ ዘር መምረጡ፣ እንደ ኮንሶ ሕዝብ እርከን መሥራቱ፣ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም ብለን እናስባለን። ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ ተነሥተን የምንከራከራቸው ደራሲ ስንት አሉን?

እዚህ ላይ የነጋድራስ ሐሳብ ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። የተሠራ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ሕዝብ ሎሌ ከሆነ፣ የተሠራ ሐሳብ ብቻ የሚቀበል ተማሪስ ምን ይባላል? ማስታወሻውን ሸምድዶ፣ ከስልኩ ላይ የመጽሐፉን ማጠቃለያ ቀድቶ፣ «ኤ» አግኝቶ የሚወጣ ተማሪ ዲግሪ ይይዛል፤ የራሱ የሆነ አንድ ፍርድ ግን አይዝም። ነገ ዳኛ፣ ሐኪም፣ አስተማሪ ሲሆን ማን ይፈርድለታል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። ከተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንለምነው፣ ከትምህርቱ ውጭ በየወሩ አንድ መጽሐፍ እንዲያነቡና ጥቂት መስመር አስተያየት ለዚህ ጋዜጣ እንዲልኩ ነው። ነቀፋም ቢሆን ይላክ፤ ሳያነቡ ከማመስገን አንብቦ መንቀፍ ይሻላልና። ከተከበሩ መምህሮቻችን የምንለምነው ደግሞ፣ ተማሪው ከመጽሐፉ ማስረጃ አቅርቦ ከማስታወሻው የተለየ ሐሳብ ቢጽፍ ስለ ልዩነቱ ብቻ ነጥብ እንዳይጎድልበት ነው። ማስረጃው ደካማ ከሆነ ይቀጣ፤ ማሰቡ ግን አይቀጣ።

ከላይ በጻፍነው የማይስማማ ካለ ደስ ይለናል። መጽሐፎቹን አንብቦ ይምጣና እንከራከር።